የኋላ ወንበር

ጡረታህ በወጣ፣ በሁለተኛው ወር፣
በር ላይ የቆመው ኮብራ ልብህን ያሸፍት ጀመር።
«በዚህ መኪና» አልከኝ፣ «አስፋልት ብቻ ሄደን፣
ሠርግና ለቅሶ ብቻ፣ ክርስትና አድርሰን፣
ሰባት ሰው ጠቅጥቀን፣ ሃያ ዓመት አለቀ፤
ዳሎልን ሳናየው፣ ኦሞን ሳንሻገር፣ ጀንበር ጠለቀ።»
እኔም ዝም አልኩህ፤
ዝምታዬ ደግሞ እሺታ መሰለህ።

ፉሪን አልፈን ወጣን፣ ዓለም ገና ደረስን፤
የዋቅጅራን ጋራዥ ጠይቀን አገኘን።
ከቆርቆሮው በር ላይ ዝናብ «ዥ»ዋን በልቶ፣
«ጋራ» ብቻ ቀርቶ፣
አንተ እንደ ልጅ ፈነደቅክ፦ «ይኸው ጋራ መጣን!»

ዋቅጅራ ከሥር ገባ፣ በጀርባው ተንሸራቶ፣
የመኪናውን ሆድ በባትሪ መብራት አይቶ፣
«የኋላ ቀኙ ሞላ ሞቷል» አለ፣ «ምን ጭናችሁ ነው?»
እናትህ ትዝ አሉኝ። ያ ቦታ የሳቸው ነው።
ከነዘምቢላቸው፣ ከነኩርፊያቸው፣ ቀኙን መስኮት ይዘው፣
አንድ ቀን ሳይለቁት ኖሩ፤ ብረቱም ጎበጠላቸው።

«አሁንስ ምን ይጭናል?» አለህ፣ ሞላ ሊመርጥ።
ውሃ መቶ ሊትር፣ ነዳጅ በጀሪካን፣ ድንኳን ከላይ፣
ሁለት ስኮርታ፣ ክሪክ፣ አካፋ... በጣትህ ቆጠርክ አየር ላይ።
ሰው ግን አልቆጠርክም።
«ሰውስ?» አለህ። «እኔና እሷ።» ድምፅህ አልጠነከረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሁሉ እዚያው ዓለም ገና ዋለ፤
አሞርዛተር ከመርካቶ መጣ፤ ጎማው «የአዞ ጀርባ ነው» ተባለ፤
ፖርቶ መጋላው በሳልዳቶሬ እሳት ተበየደ፣
በኮፈኑ ጎን ሽቅብ፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ፣ የአየር ቱቦ ሄደ፤
ከፊት ዊንች ገባለት፣ ገመዱ እንደ እባብ ተጠቅልሎ፤
ቁጠባችን ወጣ፣ የዕቁቡን ዕጣ አስከትሎ።
እህትህ ስትጠይቀኝ «ፍሬን እያሠራን ነው» እላለሁ፤
የማይዘው ፍሬን የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ዋቅጅራ መፍቻውን ይዞ ወደ ኋላ ዞረ፤
«አልጋ የሚገባው ይሄ ሲወጣ ነው» ብሎ ጀመረ።
ሦስተኛው ወንበር። የልጆቹ ወንበር።
አራት ብሎን ነበር።
ሦስቱ እሺ አሉ። አንዱ አንገቱን አደነደነ፤
ዘይት ቢያጠጡት፣ መዶሻ ቢያቀምሱት፣ ከምን ልቡ እንደሆነ!

ከሥሩ የወጣውን ልንገርህ፤ አንተ ስልክ ላይ ነበርክ፦
የማህደር የፀጉር ማበጠሪያ፣ ጥርሱ የረገፈ፤
ከረሜላ፣ ከነወረቀቱ ደርቆ ያረፈ፤
የምንተስኖት የሒሳብ ፈተና፣ አራት ተጣጥፎ የተደበቀ፣
ሠላሳ አንድ ከመቶ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ያልለቀቀ፤
(ዛሬ ባንክ ቤት ብር ቆጣሪ ነው።)
እና አሸዋ። የላንጋኖ አሸዋ፣ እፍኝ የሚሆን።
አገር አላየንም ትላለህ።

ሐምሌ ሲጋመስ «እንሞክረው» አልክ፣ ከጋራዡ ጀርባ፤
ለቤት ተለክቶ፣ ቤትም ጤፍም ሳይሆን የቀረ መረሬ፤
ሃያ እርምጃ ሄደ። ተንበረከከ እንደ ደከመው በሬ።
ዊንቹን ከባሕር ዛፍ ጋር አሠርን፤ ሞተሩ አቃሰተ፤
መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ ዛፉ ሥሩን ነቅሎ ወደ እኛ ተጎተተ!
ዋቅጅራ ቀድሞ ሳቀ። አንተ ቆይተህ ሳቅክ፣
እስከ ጉልበትህ ጭቃ ውስጥ ቆመህ፣ እንባህን እየጠረግክ።
ያን ሳቅ ልጆቹ ከወጡ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«ዳሎል በበጋ ነው» አልክ። እሺ። በጋ ይምጣ።

ወንበሩን ግን አልሸጥኩም፣ የሚኒባስ ገዢ ቢመጣለትም፤
በረንዳ ላይ አኖርኩት፤ ቀበቶውን አልፈታሁትም።
የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይሳፈሩበታል፤
አንዱ የድስት ክዳን ይዞ፣ በአፉ ሞተር ያስነሣል።
ትናንት በመስኮት ሰማሁ፤ የሽኩር ትንሿ ልጅ ቀበቶዋን አስራ፣
«ሹፌር፣ የት ደረስን?» እያለች ስትጣራ፤
እሱም ክዳኑን አዞረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ወንዙን በጥሶ ገባና፣
ፍሬን ያዘ፤ ግራ ቀኙን ቀና ብሎ አየና፦

«ዓለም ገና።»